መሣሪያን የሚጠብቅ መሣሪያ፦ ስለ እጅ መሣሪያዎች አሰባሰብና አጠቃቀም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የጃፓኗን የኮቤ ከተማና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በፈራረሱት ቤቶች ሥር ተይዘው በሕይወት ከወጡት መካከል አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። መንገዱ በፍርስራሽ ተዘግቶ፣ የአደጋ ጥሪው ከአቅም በላይ ሆኖ ሳለ በየደጁ የነበረው ኃይል የሰው ጉልበት ብቻ ነበር። ጉልበት ደግሞ የወደቀ የጣሪያ ወራጅ ላይ ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ መጋዝ፣ ዲጂኖ ወይም የመኪና ክሪክ በእጁ የነበረው ሰውና ባዶ እጁን የቆመው ሰው ያላቸው አቅም እጅግ የተራራቀ ነው። የጃፓን የየሰፈሩ የአደጋ መከላከያ ማኅበራት ዛሬ በትንንሽ መጋዘኖቻቸው እነዚህኑ መሣሪያዎች የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ወዲያው ወደ መሰብሰብ ይሄዳል። ሆኖም ብዙው ስብስብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲከፈት የዛገ መጋዝ፣ እጀታው የሚወዛወዝ መጥረቢያና ስለቱ የዶለዶመ መሮ የሞላበት ሣጥን ሆኖ ይገኛል። ለራስ መቻልም ሆነ ለክፉ ቀን የሚያገለግል ስብስብ ዋጋው በዕቃዎቹ ቁጥር አይለካም። መለኪያው፣ ከውጭ ምንም ሳይጨመርለት፣ በውስጡ ያለው አንዱ መሣሪያ ሌላውን በሥራ ላይ ማቆየት መቻሉ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ወደዚህ ነጥብ የሚመለስ ነው።

በቅድሚያ ስለ ኃይል በሐቅ መነጋገር ይገባል። የእጅ መሣሪያ በኃይል ከሞተር አይሻልም። ጤናማ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን ሳያቋርጥ ሊያወጣ የሚችለው ኃይል 75 ዋት ገደማ ሲሆን፣ በነዳጅ የሚሠራ መካከለኛ የሰንሰለት መጋዝ ግን 2,000 ዋት ያህል ይሰጣል። ሞተሩና ነዳጁ ያለው ሰው ይጠቀምባቸው። ነገር ግን ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ጥራቱ እየወረደ ካርቡሬተር የሚደፍን ዝቃጭ ያበጃል፤ ባትሪም ሳይነካ በመደርደሪያ ላይ ያረጃል፤ መብራት ደግሞ ሰው በእጅጉ በሚፈልገው ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። የእጅ መሣሪያ ቦታው ያን ጊዜ ነው። በተጨማሪም የ75 ዋቱ ቁጥር አንድ ሌላ ነገር ያስረዳል። ሞተር የዶለዶመ ስለትን በጉልበት እየገፋ ሊያሠራው ይችላል፤ ክንድ ግን ይህን ለማድረግ የሚተርፍ ኃይል የለውም። ስለዚህ በእጅ ለሚሠራ ሰው የሞተርን ቦታ የሚተካለት የስለት ጥራት ነው፤ ያልተሳለ የእጅ መሣሪያ ማለት ነዳጁ ያለቀ ሞተር ማለት ነው።

ስለት ለምን በአንዱ መሣሪያ ላይ በሞረድ፣ በሌላው ላይ በድንጋይ ብቻ እንደሚወጣ ለመረዳት የአረብ ብረትን ጥንካሬ ማወቅ ይጠቅማል። የመሣሪያ ጥንካሬ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ሮክዌል በሚባለው መለኪያ ነው። ጥሩ ሞረድ በዚህ መለኪያ ከ60 በላይ፣ ብዙ ጊዜም 65 አካባቢ ይደርሳል፤ የእንጨት መሮ ከ58 እስከ 62፣ መጥረቢያ ከ50 እስከ 57፣ የተለመደ የእጅ መጋዝ ደግሞ 50 ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሆናል። የሚበላው መሣሪያ ከሚፋቀው ብረት በጉልህ የጠነከረ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሞረድ መጋዝንና መጥረቢያን በቀላሉ ይበላል፣ ጥንካሬው ወደ ራሱ የሚጠጋውን መሮ ግን በደንብ ሊበላው አይችልም፤ ቢሞከር ሞረዱ ራሱ ተንሸራቶ ጥርሱን ያጣል። መሮ፣ የመላጊያ ምላጭና ቢላዋ የስል ድንጋይ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። መጥረቢያ ሆን ተብሎ ከመሮ ለስለስ ያለ ተደርጎ የሚሠራበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ይገኛል፦ እጅግ የጠነከረ ብረት ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ሲመታ ግን ይሸረፋል፤ መጥረቢያ ደግሞ የሚኖረው በመመታት ነው።

እንግዲህ ስብስብ ከየት ይጀመር ቢባል ብዙ ሰው ከመጥረቢያ ይላል። እኔ ብጠየቅ ከሞረድና ከድንጋይ እጀምራለሁ። ለመጥረቢያ፣ ለአካፋና ለዶማ የሚሆን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ለመጋዝ ጥርሶች የሚሆኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረዶች፣ አንዱ ገጹ ሻካራ ሌላው ለስላሳ የሆነ ድንጋይ፣ ሞረዱን ከብረት ብናኝ የሚያጸዳ የሽቦ ብሩሽ፣ ጥቂት ዘይት፣ እንዲሁም የሚሳለውን ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ። ሞረድ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ መጥረቢያ የልጅ ልጅ ሊደርስ ይችላል፣ ሞረድ ግን ጥርሱ ሲያልቅ ቤት ውስጥ አይታደስም። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር ቀድሞ በርከት አድርጎ መያዝ የሚያስፈልገው እሱን ነው፤ እርስ በርስ እንዳይፋጩም ለየብቻ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 በስዊድን ጎትላንድ ደሴት ሜስተርሚር በተባለ ቦታ አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው አንድ የኦክ እንጨት ሣጥን ገጨ። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የአንድ ባለሙያ ሣጥን ነበር፤ በውስጡና በዙሪያው 200 ያህል ዕቃዎች ተገኙ። ሣጥኑን ለእኛ ጉዳይ አስተማሪ የሚያደርገው የአናጢና የቀጥቃጭ መሣሪያዎችን በአንድነት መያዙ ነው፦ መጥረቢያና መጋዝ አለ፣ ሞረድ፣ ጉጠት፣ መዶሻና የሚስማር ራስ ማውጫም አለ። የሣጥኑ ባለቤት እንጨት ሲቆርጥ የሚሰበረውን ራሱ ሊጠግን፣ የሚጎድለውን ሚስማር ራሱ ሊቀጠቅጥ የሚችል ሰው እንደነበር ዕቃዎቹ ይናገራሉ።

መሳል ራሱ ምሥጢር የለውም፤ ሁለት ገጾች በንጹሕ መስመር እንዲገናኙ ማድረግ ነው። የገጾቹ ማዕዘን በሥራው ይወሰናል። ለቢላዋ በእያንዳንዱ ወገን 20 ዲግሪ ያህል፣ ለመሮና ለመላጊያ ምላጭ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ መጥረቢያም ለመቁረጥ ከሆነ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ለመፍለጥ ከሆነ ደግሞ ሰፋ ያለ ማዕዘን ይፈልጋል። ማዕዘኑ በጠበበ ቁጥር ስለቱ ይገባል፣ ግን ቶሎ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል። አንዱ ገጽ እስከ ጠርዙ ድረስ መበላቱ የሚታወቀው በተቃራኒው ገጽ በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር፣ ፀጉር የመሰለ ስስ የብረት እጥፋት ሲወጣ ነው። ይህ እጥፋት ሳይወጣ ወደ ሌላው ገጽ መዞር የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው፤ ሰዓት ሙሉ ሲፋቅ የዋለ ቢላዋ የማይቆርጠው በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው። እጥፋቱ በሁለቱም ወገን ከወጣ በኋላ በለስላሳው ድንጋይ፣ ከዚያም በቆዳ ላይ እየተጠረገ ይነሣል። በድንጋይ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቅንጣቱን ልስላሴ ያመለክታል፦ ከ200 እስከ 400 ያለው የተሸረፈን ስለት ለማረም፣ 1,000 ለመደበኛ ስል፣ 4,000 እና ከዚያ በላይ ለማጥራት ነው። አንድ ድንጋይ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው 1,000ውን ይያዝ። ድንጋዩ ራሱ ከጊዜ ብዛት መሐሉ ይሰረጎዳል፤ ያን ጊዜ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ታሽቶ ይስተካከላል።

ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ከብረቱ መነሣት አለበት። እየተጎተተ ከተመለሰ ጥርሱ ቶሎ ይዶለዱማል።

በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር የስል ድንጋይ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ያስፈልጋል። የመሣሪያ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በእሳት ግሎ በድንገት በመቀዝቀዙና ከዚያ በልኩ እንደገና በመሞቁ ስለሆነ፣ ከዚያ ልክ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬውን መልሶ ያጣል። የሙቀቱን መጠን ብረቱ ራሱ በቀለም ይነግረናል፦ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ የገለባ ቀለም ያወጣል፣ 300 አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ መሮ የተሳለ ይመስላል፣ ነገር ግን ለጥቂት ምት ብቻ ነው፤ መድኃኒቱም ሰማያዊው ክፍል በቀዝቃዛ ድንጋይ ታሽቶ እስኪያልቅ ድረስ መብላት ነው። የተሽከርካሪው ድንጋይ ፍጥነት የሚያስደስት ቢሆንም ለቀጭን ስለት ባይነካ ይመረጣል።

መጋዝ ከሁሉም ይበልጥ በተሳሳተ መንገድ የሚገዛ ዕቃ ነው። እንጨትን ወደ ቃጫው አቅጣጫ በቁመት መሰንጠቅና ቃጫውን አቋርጦ መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለመሰንጠቅ የሚሆነው መጋዝ ጥርሶቹ እንደ ተደረደሩ ትንንሽ መሮዎች ፊታቸው ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ለማቋረጥ የሚሆነው ግን ጥርሶቹ እንደ ቢላዋ ጫፍ በሰያፍ የተሳሉ ናቸው፣ ምክንያቱም ቃጫውን ከመግፋታቸው በፊት ሊቆርጡት ይገባል። በሁለቱም ላይ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ በመጠኑ ዘንበል ብለዋል፤ ይህም የሚከፈተው መስመር ከመጋዙ ገላ ሰፋ እንዲልና መጋዙ እንዳይያዝ ያደርጋል። እርጥብ እንጨት ሰፊ ዘንበልታና ትልልቅ ጥርስ ይፈልጋል፤ ደረቅ እንጨት በጠባብ ዘንበልታና በደቃቅ ጥርስ ይቆረጣል። የጃፓን መጋዞች የሚቆርጡት ወደ ራስ ሲሳቡ በመሆኑ ገላቸው እጅግ ስስ ሊሆን ችሏል፤ የሚገፋ መጋዝ ያን ያህል ቢሳሳ ይታጠፍ ነበር።

ዛሬ በየመደብሩ በብዛት የሚሸጡት መጋዞች የጥርሳቸው ጫፍ በኤሌክትሪክ ተጠንክሮ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ያለ ነው። ስለታቸው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ነገር ግን ሞረድ ስለማይበላቸው ሲዶለዱሙ ይጣላሉ። ለቤት ጥገና ይበቃሉ፤ ራሱን በራሱ ለሚያኖር ስብስብ ግን ቢያንስ አንድ በሞረድ የሚሳል መጋዝ ሊኖር ይገባል። ለብረት የሚሆነው ሴጌቶ የተለየ ነው፤ ምላጩ የሚለወጥ ስለሆነ የሚከማቸው ምላጩ ነው፣ ጥርሶቹም ወደ ፊት እንዲያዩ ሆኖ ይታሰራል።

ስለት ቢወጣለትም እጀታው ያልታመነ መሣሪያ አደጋ ነው። ጥሩ የመጥረቢያ ወይም የመዶሻ እጀታ የሚወጣው ምቱን ተለጥጦ ከሚችል ጠንካራ እንጨት ነው፤ አሽና ሂኮሪ የሚባሉት ዛፎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ከእንጨቱ ዓይነት ባልተናነሰ ወሳኙ ቃጫው ነው፦ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ አለበት፣ በመሐል በጎን የሚወጣ ከሆነ እጀታው እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። በእጀታው ግርጌ የሚታዩት የዕድገት መስመሮችም ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ይመረጣል። ራሱ የላላበትን መጥረቢያ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የተለመደ መፍትሔ ነው፣ ግን መጥፎ መፍትሔ ነው። እንጨቱ አብጦ ለአንድ ቀን ይጠብቃል፤ ሲያብጥ በብረቱ ተጨፍልቆ ስለነበር ሲደርቅ ከቀድሞው ይበልጥ ይላላል። ትክክለኛው ሥራ አሮጌውን ሽብልቅ አውጥቶ፣ እጀታውን እንደገና ገጥሞ፣ አዲስ ደረቅ ሽብልቅ መምታት ነው። እጀታን በተልባ ዘይት መቀባት ይጠቅማል፤ ሆኖም ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

አሮጌ መሣሪያ መግዛት በአብዛኛው ከአዲስ ርካሽ መሣሪያ ይሻላል፤ ምን መታየት እንዳለበት የሚያውቅ ከሆነ። ላይ ላዩን ያለ ዝገት አያስፈራም፤ በስለቱ አካባቢ በጥልቀት የበላ ዝገት ግን ሁልጊዜ የተሸረፈ ስለት ይሰጣል። በብረቱ ላይ ስንጥቅ ካለ መተው ነው። ከላይ የሚመታ የብረት መሮ ወይም ሽብልቅ አናቱ እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን ከተንጣለለ፣ የተንጣለለው ክፍል በሞረድ ሳይነሣ መሥራት አይገባም፤ ሲመታ እየተፈነጠረ ዓይን ያጠፋል። በተመሳሳይ ምክንያት መዶሻን በመዶሻ መምታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፣ የሁለቱም ፊት ጠንካራ ነውና። ዝገትን በቀላሉ ለማንሣት መሣሪያውን በተራ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሌሊት መዘፍዘፍ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል። ሲወጣ በብሩሽ ይታሻል፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይታጠባል፣ ወዲያውኑ ደርቆ ዘይት ይቀባል። አሮጌ ቀለም ያለበት ዕቃ ሲያጋጥም በደረቁ አለመፋቅ ይሻላል፤ በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገኝ ነበርና ብናኙ መርዝ ነው።

እስካሁን የተነገረው ለኑሮ የሚሆነውን ስብስብ ይመለከታል። ለአደጋ የሚሆነው ከዚህ ያነሰና የተለየ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል። በአደጋ ሰዓት ማንም መላጊያ አይፈልግም። የሚፈለገው ማንሣት፣ መቁረጥና መዝጋት ነው፦ ረጅም ዲጂኖ፣ ክሪክ፣ መጋዝ፣ ሴጌቶ፣ ከባድ መዶሻ፣ አካፋ፣ የጋዝና የውሃ መዝጊያዎችን የሚያዞር ቁልፍ፣ ገመድ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ እንዲሁም ብዙ ሰው የሚረሳቸው ቁርጥራጭ ጠንካራ ጣውላዎች።

የጣውላዎቹ ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዲጂኖ፣ መደገፊያው ከጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ የሰውን ኃይል 14 ጊዜ ያበዛል፤ 40 ኪሎ ግራም ያህል ክብደቱን የጣለበት ሰው 560 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሸክም ሊያነቃንቅ ይችላል። ዋጋው በርቀት ይከፈላል፦ እጅ 70 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ሸክሙ የሚነሣው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እነዚያ 5 ሴንቲ ሜትሮች ወዲያው በጣውላ ካልተሞሉ ዲጂኖው ባመለጠ ቅጽበት ሸክሙ ተመልሶ ይወድቃል። ስለዚህ የነፍስ አድን ሠራተኞች ልማድ ጥቂት ማንሣት፣ ያነሡትን ያህል መደገፍ፣ እንደገና ጥቂት ማንሣት ነው። ጣውላዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ ድርድር በሌላው ላይ ተሻግሮ ይከመራሉ፤ የክምሩ ቁመት ከመሠረቱ ስፋት ሦስት እጥፍ አይበልጥም፣ መሬቱ የማያስተማምን ከሆነ ከዚያም ያነሰ መሆን አለበት። ክሪክም ያለ ድጋፍ አይታመንም። በዘይት ግፊት የሚሠራው ጠርሙስ መሰል ክሪክ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አይሠራም፣ ለዓመታት ሲቀመጥም የማሸጊያ ጎማው ዘይት ሊያፈስ ይችላል፤ በጥርስ ዙር የሚነሣው ዘገምተኛ ቢሆንም የሚያፈስ ነገር የለውም።

ሁለት ነገሮች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጋዝ ነው። መዝጊያው የሚዞረው የጋዝ ሽታ ወይም የማፍሰስ ድምፅ ሲኖር ነው፤ በብዙ መስመሮች ላይ ሩብ ዙር ብቻ ይበቃል። አንዴ ከተዘጋ በኋላ መልሶ መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም በቤቱ ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች መፈተሽ አለባቸው። ሁለተኛው በከባድ ነገር ሥር ለሰዓታት የተያዘ እግር ወይም እጅ ነው። ከተጨፈለቀው ጡንቻ የሚወጣው መርዛማ ነገር ሸክሙ በተነሣበት ቅጽበት ወደ ደም ገብቶ ልብንና ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሕይወትን በቅርብ የሚያሰጋ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለና የሕክምና ሰው የሚደርስ ከሆነ፣ የተያዘውን ሰው እያጽናኑና እያሞቁ መጠበቅ ይሻላል። ይህን ሳያውቁ ክሪክ ማዞር፣ በመልካም ሐሳብ ቢሆንም፣ ሰው ሊገድል ይችላል።

የአደጋው ሣጥን የሚቀመጥበት ቦታ ከይዘቱ እኩል ይታሰብበት። ምድር ቤት ወይም ከቤቱ ጀርባ ካለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ዲጂኖ ቤቱ ሲወድቅ አብሮ ይቀበራል፤ ከውጭ በር አጠገብ ወይም ተነጥሎ በቆመ ማስቀመጫ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ከዚህ ሣጥን ለዕለት ሥራ መዋስ አይገባም፤ የተወሰደ መጋዝ ሳይሳል ይመለሳል፣ ወይም ጭራሹን አይመለስም። የዕለቱ ስብስብ ግን በተቃራኒው ሥራ ላይ መዋል አለበት። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ሞተር ባለበትም ቢሆን፣ አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ መሥራት የትኛው ሞረድ እንዳለቀ፣ የትኛው እጀታ እንደላላ፣ የትኛው ጓንት እንደጠበበ በቀጥታ ያሳያል፤ ክንድም ያንኑ ጊዜ ልኩን ያውቃል። ሥራው ሲያበቃ ብረቱ ተጠርጎ በስሱ ዘይት ይቀባል፣ የዶለዶመው ይሳላል፣ ከሞረዶቹ ያለቀው ተቆጥሮ ይተካል።